ሁለት ማዳበሪያዎችን በጥንድ ቲ-ቴስት ማወዳደር

ጥንድ ቲ-ቴስት በጥንድ በጥንድ የተለኩ የሁለት ነገሮች ልዩነት በአጋጣሚ ብቻ የመጣ ሊሆን ይችል እንደሆነ የሚፈትሽ ስሌት ነው። በአንድ ማሳ ውስጥ ያለው የለምነት ልዩነት ብዙ ጊዜ ማዳበሪያው ከሚያመጣው ልዩነት ይበልጣል። የጥንድ ሙከራ ይህን የሚያልፈው ጎን ለጎን ያሉ፣ አፈራቸውና ተዳፋታቸው የሚመሳሰል ሁለት ፕሎቶችን (ትናንሽ የሙከራ መደቦችን) እርስ በርስ ብቻ በማወዳደር ነው። ስለዚህ ጥንዱ የሚሠራው ከመዝራት በፊት ማሳው ላይ ነው፤ ከአጨዳ በኋላ ኮምፒውተር ላይ የተጣመረ ቁጥር ጥንድ አይባልም።

8 ጥንድ ፕሎቶች አዘጋጁ። ማዳበሪያ «ሀ» በየትኛው ፕሎት እንደሚያርፍ ለየጥንዱ ሳንቲም ወርውራችሁ ወስኑ። ለሥራ ይቀላል ተብሎ «ለ» ሁልጊዜ ከታች በኩል ከተደረገ፣ ከላይ ታጥቦ የወረደው አፈር ማዳበሪያው የሠራው መስሎ ይቆጠራል። ዘሩ፣ የሚዘራበት ቀንና አረማው ለሁለቱም አንድ ይሁን። ስታጭዱ የዳር ረድፎችን ተዉና ከመሃል 10 ካሬ ሜትር ውሰዱ። የእህሉንም እርጥበት ለኩ፤ ክብደቱን ከ100 ላይ እርጥበቱ ተቀንሶ በሚቀረው አባዝታችሁ ለ87.5 ስታካፍሉ በ12.5 በመቶ እርጥበት የሚኖረውን ክብደት ታገኛላችሁ።

ባዶ መላምቱ፣ ማለትም በፈተናው ውድቅ መሆን አለመሆኑ የሚታየው መነሻ ግምት፣ «የልዩነቶቹ አማካይ ዜሮ ነው» የሚል ነው። ለማሳያ ያህል እነዚህን ቁጥሮች እንውሰድ (ኪሎ ግራም በፕሎት)፦

ሀ፦ 4.2፣ 3.1፣ 5.0፣ 3.8፣ 4.6፣ 2.9፣ 4.1፣ 3.5
ለ፦ 4.6፣ 3.4፣ 5.1፣ 4.4፣ 4.8፣ 3.4፣ 4.0፣ 3.9

ከ«ለ» ላይ «ሀ»ን ቀንሱ፦ 0.4፣ 0.3፣ 0.1፣ 0.6፣ 0.2፣ 0.5፣ −0.1፣ 0.4። ከዚህ በኋላ የምትሠሩት በእነዚህ 8 ቁጥሮች ብቻ ነው። አማካያቸው 0.3፣ መደበኛ ልይይታቸው (ከአማካዩ ምን ያህል እንደሚበታተኑ የሚለካው) 0.227 ነው። 0.227ን ለ8 ስኩዌር ሩት (2.828) ስታካፍሉ 0.080 ይመጣል፤ 0.3 ለ0.080 ሲካፈል ቲ 3.74 ገደማ ነው። በ7 የነፃነት ዲግሪ (የጥንዶቹ ብዛት ሲቀነስ 1)፣ በ5 በመቶ ደረጃ የቲ ሠንጠረዥ ቁጥር 2.365 ነው፤ የእኛ ቲ ከዚህ ስለሚበልጥ ባዶ መላምቱ ይወድቃል። 2.365ን በ0.080 አባዝታችሁ ከ0.3 ላይ ስትቀንሱና ስትደምሩ፣ ልዩነቱ ከ0.11 እስከ 0.49 ኪሎ፣ ማለትም በሄክታር ከ1.1 እስከ 4.9 ኩንታል ሊሆን ይችላል። ጭማሪው የማዳበሪያውን ወጪ ይሸፍን እንደሆነ የሚታየው ከዚህ ክልል እንጂ ከቲ አይደለም።

እነዚሁኑ ቁጥሮች ጥንድ እንዳልሆኑ አድርጋችሁ ብታሰሉ ቲ ወደ 0.89 ይወርዳል፤ ልዩነቱ በማሳው ወጣ ገባነት ይዋጣል። ኤክሴል ላይ ይህ ስህተት በአንዲት አኃዝ ይፈጠራል፦ በቲ-ቴስት ቀመሩ ሦስተኛው ቦታ 2 (ባለ ሁለት ጎን)፣ አራተኛው 1 (ጥንድ) መሆን አለበት።

ልዩነቶቹን በነጥብ ሥዕል እዩአቸው። አንዱ ከሌሎቹ በጣም ከራቀ መጀመሪያ የሚዛን መዝገቡን ፈትሹ፤ ቁጥሩ ትክክል ከሆነ የዊልኮክሰንን የደረጃ ፈተና (በልዩነቶቹ መጠን ፋንታ በቅደም ተከተላቸው የሚሠራውን) ተጠቀሙ። በ5 ጥንድ ግን አትሞክሩት፤ ሁሉም ልዩነቶች ወደ አንድ ወገን ቢያደሉ እንኳ በባለ ሁለት ጎን ፈተና የሚሰጠው ትንሹ ዕድል (ፒ) 0.0625 ነው፤ ይህም ከ5 በመቶ (0.05) በታች አይወርድም።

ከአንድ ፕሎት 3 ናሙና መውሰድ 3 ጥንድ አያደርገውም፤ አማካያቸው አንድ ቁጥር ነው። አንዱን ፕሎት ከብት ከበላው ደግሞ ጓደኛውም አብሮ ከስሌቱ ይወጣል፣ የነፃነት ዲግሪውም ወደ 6 ይወርዳል።