ወደ ቡታን ስትበሩ በግራ በኩል ተቀመጡ

ከዴልሂ ወይም ከካትማንዱ የቡታን ዓለም አቀፍ አውሮፕላን ማረፊያ ወዳለባት ወደ ፓሮ የምትበሩ ሰዎች፣ ቼክ ኢን ላይ በግራ በኩል መስኮት ዳር፣ «ኤ» የሚል ወንበር ጠይቁ። አውሮፕላኑ ወደ ምሥራቅ ስለሚበር ሂማላያ ከነግርማው በግራ ይቀራል። ሰማዩ ጥርት ካለ መጀመሪያ ኤቨረስት (8,849 ሜትር)፣ ቀጥሎ ካንቼንጁንጋ (8,586 ሜትር) ከደመናው በላይ ብቅ ይላሉ። በቀኝ የተቀመጠ ሰው ይህ ሁሉ ያመልጠዋል። ስትመለሱ ደግሞ ተቃራኒው ነው፤ ቀኙን ያዙ። ክንፉ እይታ እንዳይጋርድባችሁ ወይ ወደፊት ወይ ወደኋላ ራቅ በሉ።

ከተቻለ የጠዋት በረራ ይሁን። ጠዋት ሰማዩ ይበልጥ ይጠራል። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ፓሮ ሸለቆ ውስጥ ኃይለኛ ነፋስ ይነሳል። እዚያ የሚያርፉት ልዩ ሥልጠና ያላቸው አብራሪዎች ናቸው፤ በቀን ብርሃን፣ ሸለቆውን በዓይናቸው እያዩ። መጨረሻ ላይ አውሮፕላኑ በተራሮቹ መሀል ዘንበል፣ ቀና ሲል በተዳፋቱ ላይ ያሉት ቤቶች ክንፉ አጠገብ ያሉ ይመስላሉ። አትደንግጡ፣ መንገዱ ይኸው ነው።

ከሰኔ እስከ ነሐሴ ክረምት ስለሆነ ብዙ ጊዜ ደመና ብቻ ነው የሚታየው። ጥቅምትና ኅዳር ተመራጭ ናቸው። ከባንኮክ የምትመጡ ግን ለወንበር ብላችሁ ተጨማሪ አትክፈሉ፤ መስመሩ ከደቡብ ምሥራቅ ስለሚመጣ ኤቨረስት ሩቅ ነው። አየሩ ሲበላሽ በረራው ሊዘገይ ስለሚችል፣ ዴልሂ ላይ ለቀጣዩ በረራ ቢያንስ አንድ ሌሊት ትርፍ ያዙ።