ዕዳ ከአቅም ሲያልፍ፦ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በደብረ ማርቆስ በፍርድ ቤት በር አቤቱታ ስጽፍ ዘወትር የሚቀርብልኝ ጥያቄ «ከሰርሁ ብዬ ባመለክት ዕዳዬ ይሰረዝልኛል?» የሚል ነው። ውጭ አገር ያለ ዘመድ የነገራቸውን ይዘው የሚመጡ ብዙዎች ናቸው፤ የመጀመሪያው ስህተትም ይኸው ነው። በአሜሪካ ደመወዝተኛም ቢሆን የኪሳራ አቤቱታ አቅርቦ ከብዙ ዕዳዎቹ ነጻ ሊወጣ ይችላል። በእኛ አገር ግን ከ1952ቱ የንግድ ሕግ ጀምሮ ኪሳራ የነጋዴና የንግድ ማኅበር ጉዳይ ነው፤ የኪሳራውን ክፍል የተካው አዋጅ ቁጥር 1243/2013ም ይህንኑ መሠረት አልለቀቀም። ስለዚህ መምህሩ፣ ነርሷና የራሱን ማሳ የሚያርሰው ገበሬ ያላቸው መንገድ ከባለገንዘቡ ጋር መደራደርና በፍርድ አፈጻጸም ጊዜ ሕግ የሰጣቸውን ጥበቃ መጠየቅ ነው።

ይህን ጥበቃ አለማወቅ ሁለተኛው ስህተት ነው። የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ የባለዕዳውንና የቤተሰቡን አስፈላጊ ልብስ፣ መኝታና የማብሰያ ዕቃ፣ የሙያ መሣሪያውን፣ ለ3 ወር የሚበቃ ቀለብ፣ ገበሬ ከሆነም ለኑሮው የሚያስፈልጉትን ከብቶችና ዘር ከመያዝ ነጻ ያደርጋል። ይህን ባለማወቁ የእርሻ በሬዎቹን ፍርድ ሳይሰጥ ነድቶ ለባለገንዘቡ ያስረከበ ገበሬ ሲገጥመኝ ልቤ ይደማል።

ነጋዴውን የሚጎዳው ደግሞ መዘግየቱ ነው። አዲሱ ሕግ ንግዱ ጨርሶ ሳይወድቅ ከባለገንዘቦች ጋር ተስማምቶ ዕዳን መልሶ የማደራጀት ሥርዓት አበጅቷል። ሆኖም የቡሬው በርበሬ ነጋዴ ገንዘብ ሲያጥረው ወደ አራጣ አበዳሪ ይሄዳል፤ የፍትሐ ብሔር ሕጉ ለብድር የፈቀደው ወለድ በዓመት ከ12 በመቶ እንደማይበልጥና አራጣ በወንጀል እንደሚያስቀጣ ሳያስብ በወር 10 በመቶ ይፈርማል፤ ለዚያም መያዣ ይሆን ዘንድ ስንቅ የሌለው፣ ማለትም በባንክ ሒሳቡ በቂ ገንዘብ የሌለበት ቼክ ይሰጣል። የቼኩ ጉዳይ ወንጀል ስለሆነ ኪሳራ ቢታወጅለትም ከክሱ አያድነውም። በግል ንግድ ፈቃድ የሚሠራ ሰውም «ዕዳው የሱቁ ነው» እያለ ራሱን ባያታልል ይሻለዋል፤ ሱቁና ባለሱቁ በሕግ ፊት አንድ ሰው ናቸውና ቤቱም ለዕዳው ይፈለጋል።

ቤትን ወይም መኪናን በወንድም ስም ማዞር አይጠቅምም። ባለገንዘብን ለመጉዳት የተደረገ ውል በፍርድ ቤት ሊፈርስ ይችላል፤ ወንድምም አብሮ ይንገላታል።

መጥሪያ አልቀበልም ማለትም እንዲሁ ነው። ክሱ በሌሉበት ይታያል፤ ውሳኔውን ለማስነሣት የሚቻለው ውሳኔው መሰጠቱን ካወቁ በ1 ወር ውስጥ፣ ያውም መጥሪያው በሚገባ እንዳልደረሰዎት ወይም በበቂ ምክንያት መቅረብ እንዳልቻሉ ካስረዱ ነው። ለባንክ ቤት ያስያዘ ሰው ግን የፍርድ ቤት መጥሪያ እስኪመጣ አይጠብቅ፤ በአዋጅ ቁጥር 97/1990 መሠረት ባንኩ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ መያዣውን ያለ ክስ በሐራጅ ሊሸጥ ስለሚችል፣ ድርድሩ መጀመር ያለበት ማስጠንቀቂያው በደረሰበት ቀን ነው።

ከሁሉ የሚያሳዝነኝ ያለ ደረሰኝ መክፈል ነው። አንዲት እናት ብድራቸውን በ3 ጊዜ መልሰው ሳለ ሙሉውን ተከሰው መጡ። መቀነታቸውን ፈትተው ከጫፉ አንዲት የታጠፈች የባንክ ወረቀት አወጡ።

«የቀረውስ እማማ?» አልኋቸው።

«በእጁ ነው የሰጠሁት፤ ሽማግሎቹ አይተዋል» አሉኝ።

ሕጉ ግን ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር መከፈሉን በምስክር ማስረዳትን አይፈቅድም፤ ጽሑፍ፣ ወይም በፍርድ ቤት የሚሰጥ የባላጋራ እምነት (መቀበሉን ማመኑ) ወይም መሐላ ያስፈልጋል። ሽማግሎቹ እውነቱን ቢያውቁም ሊረዷቸው አልቻሉም፤ የተቆጠረላቸው በዚያች ወረቀት ላይ የተጻፈው ብቻ ሆነ።