ከፊታውራሪ መሸሻ ውሳኔ የሥራ አመራርን እንዴት መማር ይቻላል?

ሐዋሳ ውስጥ የተማሪ ደንብ ልብስ በሚሰፋ አነስተኛ ድርጅት 14 ሠራተኞችን እመራለሁ። ስለ አመራር የሚሰጡ ሥልጠናዎችን ተካፍያለሁ፤ ከሁሉም የጠቀመኝ ግን ዓርብ ከሰዓት በኋላ ቡና እየጠጣን በአንድ የልቦለድ ገጸ ባሕርይ ላይ የምናደርገው የግማሽ ሰዓት ውይይት ነው።

በመጀመሪያ አብዛኛው ሰው የሚያውቀውን ገጸ ባሕርይ ይምረጡ። እኛ በ1958 ዓ.ም. ከታተመው የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ፊታውራሪ መሸሻን ወሰድን። መጽሐፉን ላላነበቡ ከስልክ የተለቃቀመ ማጠቃለያ አይስጡ፤ ማጠቃለያ ፊታውራሪን «ክፉ ባላባት» ብሎ ስለሚዘጋቸው የሚያወያይ ነገር አይተርፍም። እጃቸው ከመኪናው ለማይለይ ሰፊዎች የወጋየሁ ንጋቱ የሬዲዮ ትረካ ይሻላል።

ቀጥሎ ጠባይን ትተው ውሳኔን ይያዙ። «ፊታውራሪ ትዕቢተኛ ናቸው» ማለት ለማንም አይረባም። ሰብለ ወንጌልን ለጋብቻ የጠየቀውን ሁሉ በዘር አይመጥንም እያሉ መመለሳቸው ግን ውሳኔ ነው፤ ዋጋውንም የከፈለችው የማግቢያ ዕድሜዋ ያለፈባት ልጃቸው ናት። (ክፍት የሥራ መደብን «የሚመጥን ሰው አልመጣም» እያለ ለወራት የሚያቆይ ኃላፊ፣ ሥራውን ደርበው የሚሠሩለት እነማን እንደሆኑ እዚህ ላይ ቢያስብ መልካም ነው።) እኛ ያነሣነው ሌላውን ነበር፤ ባላገሩ ከልማድ በላይ የተጣለበትን አንከፍልም ባለ ጊዜ ሊወጉት ዘምተው በባላገሩ መሪ በአበጀ በለው እጅ መማረካቸውን።

አስቸጋሪው ደረጃ ራስን በታሪኩ ውስጥ ማስቀመጥ ነው። በመጀመሪያው ዓርብ «እናንተ የትኛውን ትመስላላችሁ?» ብዬ ጠየቅሁ። እውነቱን ሲናገር በእነ ፊታውራሪ ዘንድ እንደ እብድ የሚታየውን ጉዱ ካሳን ያልመረጠ አልነበረም፤ እኔም ጭምር። ያን ጊዜ አንዲት ልብስ ሰፊ ሲኒዋን አስቀምጣ፣ «አለቃ፣ ሁላችንም ጉዱ ካሳ ከሆንን የማይሰማን ማን ነው?» አለችኝ።

መልሱን አውቀው ነበር። ባለፈው ነሐሴ፣ ትእዛዝ በተደራረበበት ሰሞን፣ አንጋፋው ቆራጫችን አዲስ የመጣውን ጥቅል ጨርቅ በጣቱ አሽቶ፣ «ይህ ዓይን አፋር ነው፤ ውኃ ሲያይ ይሸማቀቃል» ብሎኝ ነበር። ነገሩን ሁልጊዜ በቀልድ ስለሚናገር እኔም ስቄ አለፍሁ። መስከረም ላይ 60 ሱሪዎች አንድ ጊዜ ታጥበው ከቁርጭምጭሚት በላይ ቀሩና ወላጆች ይዘዋቸው መጡ። ቆራጩ የነገረኝ ስለ ጨርቁ ነበር፤ እኔ የሰማሁት ግን ቀልዱን ብቻ ነው።

ስለዚህ ውይይቱን የሚመራው ሰው አስቀድሞ ራሱን በፊታውራሪ ቦታ አስቀምጦ፣ የማንን ምክር በምን ምክንያት እንደናቀ በግልጽ ይናገር፤ ሌሎችን የሚጠይቀው ከዚያ በኋላ ነው። ማንም ለሌላው ገጸ ባሕርይ እንዲሰጥ አይፍቀዱ። እኔ አንዱን ባልደረባ ለጨዋታ ብዬ በአንድ ገጸ ባሕርይ ስም ጠራሁት፤ ስሙ ቅጽል ሆኖ ቀረበት፣ እርሱም ከዚያ ወዲህ ዓርብ ዓርብ ቡናውን ውጭ መጠጣት ጀመረ። ይቅርታ ብጠይቀውም አልተመለሰም።

በመጨረሻ ከውይይቱ አንድ የሥራ ደንብ ብቻ ይዘው ይውጡ፤ አምስት ከያዙ አንዱም አይፈጸምም። የእኛ ደንብ ከመቁረጫው ጠረጴዛ በላይ ተለጥፏል፤ ከማንኛውም አዲስ ጥቅል በቁመትም በወርድም 50 ሴንቲ ሜትር የሆነ ቁራጭ ታጥቦ፣ ደርቆና ተተኩሶ ሳይለካ ጨርቅ አይዘረጋም። ቁራጩ በቁመቱ 2 ሴንቲ ሜትር ካጠረ፣ 90 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ያለው ሱሪ 3.6 ሴንቲ ሜትር ያጥራል ማለት ስለሆነ፣ አቆራረጡ በዚያው ልክ ይረዝማል። ቁራጩን የሚያጥበው ያው አንጋፋ ቆራጭ ነው፤ ሳፋውን እያነሣ፣ «እስቲ ዓይን አፋርነቱን እንየው» ይላል።