የጀርመን ወንዞችንና ከተሞችን ስም ሲተረጉሙ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

እጅግ የተለመደው ስህተት የዛሬውን ድምፅ ብቻ ሰምቶ ፍቺ መስጠት ነው። የበርሊን ዓርማ ድብ ስለሆነና ድብም በጀርመንኛ «ቤር» ስለሚባል፣ ብዙዎች ከተማዋ ስሟን ከእንስሳው ያገኘች ይመስላቸዋል፤ ስሙ ግን ረግረግን ከሚያመለክት የስላቭ ቃል የመጣ ሲሆን፣ ድቡ በድምፅ መመሳሰል የተገኘ ጌጥ ነው። ሉቤክም ቢሆን በሰሜን ጀርመን ጅረት ከሚባልበት «ቤክ» ጋር አይዛመድም፤ ጥንት ሊዩቢጸ የምትባል የስላቮች ሰፈር ነበረችና። እንግዲህ ከመዝገበ ቃላት በፊት መገለጥ ያለበት የድሮው ሰነድ ነው።

በጀርመን የሚፈስ ወንዝ ሁሉ ስሙ ጀርመንኛ ነው ብሎ ማሰብም ያሳስታል። ሕዝብ ሲፈልስ አዲሱ ሰፋሪ የትልቁን ወንዝ ስም ከነባሩ ይወርሳል፤ ሮማውያን «ሬኑስ» ያሉት ራይን መፍሰስን ከሚገልጽ ሥር የወጣ የኬልቶች፣ ማለትም የጥንት አውሮፓ ሕዝቦች፣ ስም ነው። በተቃራኒው ኤልበን ከላቲኑ «አልቡስ»፣ ማለትም ከ«ነጭ»፣ የተወሰደ ማድረግ አይገባም፤ ዘመዱ የሆነው «ኤልቭ» በኖርዌይኛ ዛሬም ወንዝ ማለት ነውና።

አሳሳቹ ቅጥያ ግን «አኽ» ነው። በኦስትሪያው የዛልጻኽ ወንዝ ስም ላይ ያለው «አሃ» ከተባለው የጥንት ጀርመንኛ ቃል የመጣ ሲሆን፣ ትርጉሙም ውሃ ነው። በራይን ዳር ያለችው አንደርናኽ ግን በሮማውያን ዘመን አንቱናኩም ስትባል የኖረች ናት፤ መጨረሻዋ የቦታ ስም መፍጠሪያ የሆነው የኬልቶች ቅጥያ እንጂ ውሃ አይደለም። «አሃ» ራሱም ከላቲኑ «አኳ» የተወለደ ሳይሆን ወንድሙ ነው፤ ይህን የሚያምታታ ሰው አኸን የተባለችውን የጀርመን ከተማ ስም በትክክል ሊፈታ አይችልም።

ይኸው «አሃ» ሌላም ወጥመድ ይዟል። ቬራና ፉልዳ የተባሉት ወንዞች በሙንደን ከተማ ተገናኝተው ቬዘርን ይፈጥራሉ ሲባል የሰማ ሰው ሦስት ስሞችን ይቆጥራል፤ በእውነቱ ግን ቬራና ቬዘር አንድ ጥንታዊ ስም ናቸው። ሮማውያን ቪዙርጊስ ያሉትን ወንዝ የላይኛው ተፋሰስ ነዋሪዎች «አሃ» ጨምረው ሲጠሩት ድምፁ ተዋህዶ ቬራ ሆነ፤ በታችኛው አገር ደግሞ ቬዘር ተብሎ ቀረ። ለእኔ ከዚህ የበለጠ አስተማሪ ምሳሌ የለም።

የመጨረሻው ስህተት መላምትን እንደ ተረጋገጠ ነገር መጻፍ ነው። ጀርመናዊው የቋንቋ ሊቅ ሃንስ ክራኸ (1898–1965) በባቫርያው ኢዛርና በፈረንሳዩ ኢዜር መካከል ያለውን ዓይነት ተመሳሳይነት ሰብስቦ «ጥንታዊ አውሮፓዊ» የወንዝ ስሞች ንብርብር እንዳለ ተከራክሯል፤ ክርክሩ ዛሬም አልተዘጋም። እነዚህን ስሞች በስፔንና በፈረንሳይ ድንበር ከሚነገረው ከባስክ ቋንቋ ጋር የሚያዛምደውን የሌላውን ጀርመናዊ የቋንቋ ሊቅ የቴዎ ፌነማንን ሐሳብ ደግሞ አብዛኞቹ የቋንቋ ሊቃውንት አልተቀበሉትም፤ ስለዚህ ሁለቱን በአንድ ሚዛን ማስቀመጥ አይገባም።