ካርቦሃይድሬቱ ያነሰ ቡና በቤትዎ ሲያዘጋጁ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ቡና ብቻውን ካርቦሃይድሬት የለውም ማለት ይቻላል፤ አንድ ሲኒ ጥቁር ቡና ውስጥ ያለው ከግማሽ ግራም በታች ነው። ካርቦሃይድሬቱ የሚገባው በስኳሩ፣ በወተቱና በቡና ቁርሱ በኩል ነው። አቦል፣ ቶና እና በረካ ጠጥቶ የሚነሳ ሰው በየሲኒው ሁለት የሻይ ማንኪያ ስኳር ቢጨምር፣ አንዱ ማንኪያ 4 ግራም ስለሚይዝ 24 ግራም ስኳር ወሰደ ማለት ነው። ከሰዓት በኋላ ቡናው ከተደገመ 48 ይሆናል።

ስኳሩን አስቀርቶ ቡናውን እንደነበረ መተው

ብዙ ሰው የሚሰናከለው እዚህ ላይ ነው። ስኳሩን በአንድ ቀን ያቆማል፣ ቡናው ይመረዋል፣ ሳምንት ሳይሞላ ወደ ስኳሩ ይመለሳል። ቡና በተፈጥሮው መጠነኛ ምሬት አለው፤ የሚያስመርረው ምሬት ግን አብዛኛውን ጊዜ ከአቆላልና ከአፈላል የሚመጣ ነው። ስኳሩ ሸፍኖት ስለኖረ ነው ያልታወቀው።

ከአቆላሉ ይጀምሩ። ፍሬው ጠቁሮ ዘይት እስኪያወጣ ከተቆላ የቡናው የራሱ ጣዕም ተቃጥሎ ከሰል ከሰል የሚል ነገር ይቀራል። ፍሬው መንጣጣት ጀምሮ ጋብ ሲል፣ ፊቱም ገና ደረቅና ቡናማ ሳለ ያውጡት። ብረት ምጣዱ ላይ አይተዉት፤ ብረቱ የያዘው ሙቀት እሳቱ ከጠፋ በኋላም መቁላቱን ይቀጥላል። ወዲያው ሰፌድ ላይ ዘርግተው ያናፍሱት።

ጀበናው ላይ ደግሞ ለ400 ሚሊ ሊትር ውሃ 25 ግራም ያህል የተወቀጠ ቡና ይበቃል፤ 5 ልሙጥ የሾርባ ማንኪያ ገደማ ነው። እንደ ዱቄት የላመ ቡና ምሬቱን ቶሎ ይለቃል፣ አተላውም በቀላሉ አይሰክንም። ጀበናው ገንፈል ሲል ያውርዱት። ደጋግሞ ማንተክተክ ምሬቱን እንጂ ጣዕሙን አያጎላውም። አዘንብለው 4 ደቂቃ ያህል ያሳርፉትና ይቅዱ።

በማጣሪያ ወረቀት የሚያዘጋጁ ሰዎች ለውሃው ሙቀት ይጠንቀቁ፤ ተስማሚው ከ90 እስከ 96 ዲግሪ ነው። አዲስ አበባ ከፍ ያለ ቦታ በመሆኑ ውሃው የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ስለሆነ እንደፈላ ማፍሰስ ይቻላል። ዱባይ ወይም ቴል አቪቭ ግን 100 ዲግሪ ስለሚደርስ ከፈላ በኋላ ግማሽ ደቂቃ ያህል ይጠብቁ።

ይህ ሁሉ ተደርጎም ከመረረ፣ በሁለት ጣት የተቆነጠረች ጨው ጀበናው ውስጥ ጣል ያድርጉ። ጨው ምላስ ምሬትን የሚሰማበትን ኃይል ያዳክማል፤ በብዙ የአገራችን አካባቢዎች ቡና በጨው መጠጣት የኖረ ልማድ ነው። የደም ግፊት ያለበት ሰው ግን ይለፈው። ኮረሪማ፣ ቀረፋ፣ ሄልና ጤና አዳምም ካርቦሃይድሬት ሳይጨምሩ ቡናውን ያጣፍጡታል፤ እርጉዝ ሴት ጤና አዳሙን ብትተው ይሻላል። ስኳሩንም በአንድ ጊዜ ከማቆም በየሳምንቱ ግማሽ ማንኪያ እየቀነሱ ቢሄዱ ምላስ ቀስ ብሎ ይለምዳል።

በስኳር ፋንታ ማር

አንድ የሻይ ማንኪያ ማር 7 ግራም ያህል ይመዝናል፤ ከዚህ ውስጥ 6 ግራም ገደማው ካርቦሃይድሬት ነው። ከስኳሩ ማንኪያ ይበልጣል። ቡናማ ስኳርም የተምር ሽሮፕም በዚህ ረገድ ልዩነት የላቸውም።

ስቡ የወጣለትን ወተት መምረጥ

ወተት ውስጥ ያለው ካርቦሃይድሬት ላክቶስ የሚባለው የወተት ስኳር ነው። በ100 ሚሊ ሊትር 5 ግራም ያህል ይገኛል፤ ስቡ ቢወጣም ላክቶሱ አይቀንስም። ላክቶስ የለውም የሚባለው ወተትም ያው ነው፦ ስኳሩ ተከፋፈለ እንጂ አልወጣም፤ እንዲያውም ከተራው ወተት የበለጠ የሚጣፍጠው ለዚህ ነው። በቡና ቤት ስኒ የሚቀርብ ማኪያቶ ላይ 80 ሚሊ ሊትር ወተት ቢኖር 4 ግራም ነው። ቤት ውስጥ በትልቅ ኩባያ 250 ሚሊ ሊትር ወተት ሲሞላበት 12 ግራም ይደርሳል። ስለዚህ የኩባያው መጠን ራሱ አንድ ስህተት ነው።

የአጃ ወተት ጤናማ ነው ተብሎ ይገዛል። ሲመረት ግን የአጃው ስታርች በኢንዛይም ወደ ስኳር ስለሚለወጥ አብዛኛው ዓይነት በ100 ሚሊ ሊትር ከ6 እስከ 7 ግራም ካርቦሃይድሬት አለው፤ ከላም ወተት ይበልጣል። የዱቄት ወተት አንድ የሾርባ ማንኪያው 3 ግራም፣ ጣፋጭ የቆርቆሮ ወተት 11 ግራም ገደማ ይይዛል። በአረብ አገርም በአገር ቤትም የተለመደው ቡና፣ ስኳርና ክሪመር የሚባለው የወተት ምትክ አንድ ላይ የታሸገበት ከረጢት ደግሞ በአብዛኛው ስኳርና የግሉኮስ ሽሮፕ ነው፤ ቡናው ጥቂት ነው።

የሚሻለው 35 በመቶ ስብ ያለው ያልጣፈጠ ክሬም ወይም ስኳር ያልገባበት የአልመንድ ወተት ነው። ለአንድ ማኪያቶ፦ በሞካ ፖት (ምድጃ ላይ በሚጣድ የቡና ማፍያ) የተዘጋጀ 60 ሚሊ ሊትር ጠንካራ ቡና፣ 2 የሾርባ ማንኪያ ክሬም፣ 2 የሾርባ ማንኪያ ሙቅ ውሃ። ክሬሙንና ውሃውን አንድ ላይ ጣት እስኪያቃጥል ድረስ ብቻ ያሙቁ፣ እንዲፈላ አይተዉት፤ ከዚያ በፍሬንች ፕሬስ (በሚገፋ ወንፊት ቡና የሚጠልል ዕቃ) ወንፊቱን 20 ጊዜ ያህል ከፍ ዝቅ አድርገው አረፋ ያስይዙት። ውሃው የሚጨመረው ክሬም ብቻውን ስለሚከብድና እንደ ወተት ቀለል ያለ አረፋ ስለማይሰጥ ነው። ኩባያው በሙሉ 1 ግራም ገደማ ካርቦሃይድሬት ይይዛል።

በጾም ወቅት ክሬሙ ይቀራል። የአልመንድ ወተት፣ ወይም በውሃ እኩል የቀጠነ የቆርቆሮ ኮኮናት ወተት ቦታውን ይተካል።

አሜሪካ ያላችሁ ደግሞ አንድ ነገር አስተውሉ፦ በአንድ መጠን ከግማሽ ግራም በታች ካርቦሃይድሬት ያለው ምርት ዜሮ ተብሎ ሊጻፍበት ይችላል። የክሪመሩ መጠን አንድ የሾርባ ማንኪያ ሆኖ እርስዎ አምስት ካፈሰሱ፣ ዜሮው ዜሮ አይደለም።

ቀዝቃዛ ወተት በሚያቃጥል ቡና ላይ ማፍሰስ

የአልመንድ ወተት፣ አንዳንዴም ክሬም፣ እንዲህ ሲሆን ይቋጠራል። ምክንያቱ የቡናው ኮምጣጣነትና ድንገተኛው ሙቀት አንድ ላይ መምጣታቸው ነው። እንደ ይርጋጨፌ ያለ ታጥቦ የተዘጋጀና ቀለል ተደርጎ የተቆላ ቡና ላይ ይብሳል። መጀመሪያ ወተቱን ያሙቁ፣ ኩባያው ውስጥ ያድርጉት፣ ቡናውን አንድ ሁለት ደቂቃ አቆይተው በቀጭኑ ያንቆርቁሩበት።

ማጣፈጫውን እንደ ስኳር መለካት

በስኳር ፋንታ የሚገባውን፣ በትንሽ ከረጢት የሚሸጥ ማጣፈጫ ሲገዙ ጀርባው ላይ የመጀመሪያውን ቃል ያንብቡ። ዴክስትሮስ ወይም ማልቶዴክስትሪን የሚል ከሆነ ከረጢቱን የሞላው ካርቦሃይድሬት ነው፤ 1 ግራም የሚመዝን ከረጢት 1 ግራም ሊጠጋ የሚችል ካርቦሃይድሬት ይይዛል። አንዱ አይጎዳም፣ በቀን ስምንቱ ግን ሁለት ማንኪያ ስኳር ያህል ነው።

ኤሪትሪቶል የሚባለው ማጣፈጫ የስኳርን 70 በመቶ ያህል ይጣፍጣል፣ ሲበዛ አፍ ውስጥ ቅዝቃዜ ይሰማል። የስቴቪያ ጠብታ ደግሞ የተገላቢጦሽ ነው፤ ትንሽ ካለፈ ቡናውን መልሶ ያመረዋል። በ2 ጠብታ ይጀምሩ። ዛይሊቶል ያለበት ማጣፈጫ ውሻን ይገድላል፤ ውሻ ባለበት ቤት ከፍ ያለ ቦታ ይቀመጥ።

ቅቤን ቡናው ላይ ጣል አድርጎ መጠጣት

ቡና በቅቤ ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም። የሚበላሸው ቅቤው ከላይ ተንሳፍፎ ከንፈር ላይ ዘይት ብቻ ሲቀር ነው። 200 ሚሊ ሊትር ሙቅ ቡና፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ ቅቤና አንድ ማንኪያ ክሬም በብሌንደር 20 ሰከንድ ይምቱ። የተነጠረ ቅቤ ውሃውና የወተት ፕሮቲኑ ስለወጣለት ቶሎ ይለያያል፤ ያልተነጠረው ይሻላል። ኮሰረትና በሶብላ የገባበትን ለወጡ ይተዉት።

የብሌንደሩን ክዳን ግጥም አድርገው አይዝጉ። የሙቅ ቡና እንፋሎት ክዳኑን አስፈንጥሮ ፊት ያቃጥላል። እስከ ግማሽ ብቻ ይሙሉ፣ የክዳኑን መሃል ከፍተው በፎጣ ይያዙት። አንድ የሾርባ ማንኪያ ቅቤ ወደ 100 ካሎሪ አለው፤ በቀን ሦስት ኩባያ የሚጠጣ ሰው ካርቦሃይድሬቱን ቀንሶም ክብደት ሊጨምር ይችላል።

ያለ ስኳር ስፕሪስ እና በረዶ ያለው ቡና

ስፕሪስ ላይ ሻይና ቡናው ተለይተው የሚታዩት ስኳሩ ሻዩን ከታች ስለሚያከብደው ነው። ስኳሩ ሲወጣ ይቀላቀላሉ፤ ጣዕሙን እንጂ መልኩን አይጠብቁ።

በረዶ ባለው ቡና ላይ ኤሪትሪቶል ቀጥታ ሲጨመር ሥሩ ላይ እንደ አሸዋ ይቀራል። በሁለት ማንኪያ ሙቅ ቡና አሟሙተው ከዚያ በረዶው ላይ ያፍሱት።

የቡና ቁርሱን መርሳት

ቡናው ንጹህ ሆኖ ሳለ የደም ስኳር መለኪያው ላይ ቁጥሩ የሚጨምርበት የተለመደ ምክንያት ይህ ነው። አንድ እፍኝ የገብስ ቆሎ፣ 30 ግራም ያህል፣ 20 ግራም ገደማ ካርቦሃይድሬት አለው፤ ከሦስት ሲኒ ስኳር ብዙም አያንስም። አንድ ትልቅ ኩባያ ፈንዲሻ 6 ግራም ነው፣ ስኳር ካልተነሰነሰበት። ኦቾሎኒ ወይም የዱባ ፍሬ በትንሽ ሰሃን ለይተው ያቅርቡ፤ ከጋራ ሰፌድ ሲበላ መጠኑ አይታወቅም።

መድኃኒቱን ሳያስተካክሉ ስኳሩን መቁረጥ

ኢንሱሊን የሚወጋ ወይም ግሊበንክላማይድ የሚባለውን የስኳር ሕመም ክኒን የሚወስድ ሰው በቀን 48 ግራም ስኳር በድንገት ቢያቆም የመድኃኒቱ መጠን ሊበዛበትና የደም ስኳሩ ከሚገባው በታች ሊወርድ ይችላል። አስቀድመው ለሐኪምዎ ይንገሩ፣ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ደጋግመው ይለኩ። ላብ ላብ ካለ፣ እጅ ከተንቀጠቀጠ ወይም ልብ ከመታ 4 የሻይ ማንኪያ እውነተኛ ስኳር በውሃ በጥብጠው ይጠጡ፣ ከ15 ደቂቃ በኋላ እንደገና ይለኩ። ስቴቪያና ኤሪትሪቶል በዚያ ሰዓት ምንም አይረዱም፤ ስለዚህ የስኳሩ ዕቃ ከቤት ጨርሶ አይጥፋ።