ከመግባቢያ ሰነዱ በፊት የሚሠራ ሥራ፦ የአውሮፓና የአፍሪካ አገሮችን በንግድ፣ በትምህርትና በኢንቨስትመንት ማስተሳሰር

በአውሮፓና በአፍሪካ አገሮች መካከል የሚደረግ ትብብር አብዛኛውን ጊዜ የሚጀመረው ከመጨረሻው ነው። ልዑካን ይመጣሉ፤ ሰፋፊ ርዕሶችን የዘረዘረ የመግባቢያ ሰነድ ይፈረማል፤ ፎቶ ይነሣል፤ ከዚያም ሰነዱን ማን እንደሚያስፈጽመው ሳይለይ ፈራሚዎቹ ወደ ሌላ ኃላፊነት ይዛወራሉ። ይህ መመሪያ የንግድ ምክር ቤቶችን፣ የኢንቨስትመንት ቢሮዎችንና የዩኒቨርሲቲዎችን ባለሙያዎች ታሳቢ ያደረገ ሲሆን፣ የሚያቀርበው ምክርም ንግድን፣ ትምህርትንና ኢንቨስትመንትን ለሦስት ኮሚቴ ከማከፋፈል ይልቅ በአንድ ምርትና በአንድ አካባቢ ላይ አገናኝቶ መጀመር ነው። (ዓመተ ምሕረቶቹ፣ ወራቱና ቀኖቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ለዚህ የሞሮኮዋ ታንጀር ጥሩ ማሳያ ናት። ሞሮኮ ከአውሮፓ ኅብረት ጋር ያደረገችው የአጋርነት ስምምነት በ2000 ሥራ ላይ ዋለ፤ የታንጀር ሜድ ወደብ በ2007 ተከፈተ፤ የሬኖ የመኪና ፋብሪካ ደግሞ በ2012 ተመረቀ። ፋብሪካው ከመመረቁ አስቀድሞ ግን ሠራተኞቹን የሚያዘጋጅ የአውቶሞቢል ሙያ ማሠልጠኛ ተቋም በመንግሥት ድጋፍ ተቋቁሞ ነበር፤ አስተዳደሩም የተሰጠው ለአምራቹ ኩባንያ ነው። ከቀረጥ ነፃ ገበያው፣ ወደቡ፣ ማሠልጠኛውና ፋብሪካው በአንድ ቦታ የተገናኙት በአጋጣሚ አይደለም። ሞሮኮ ለአውሮፓ ያላትን ቅርበት ሌሎች አገሮች ሊያገኙት ባይችሉም፣ የሥራውን ቅደም ተከተል ግን መውሰድ ይችላሉ።

ምርቱንና የገበያ መግቢያውን መለየት

መጀመሪያ ምርቱን በስሙ ሳይሆን በታሪፍ ቁጥሩ (ጉምሩክ ምርቱን በሚመድብበት ቁጥር) ይለዩ፤ የመጀመሪያዎቹ ስድስት አኃዞች በሁሉም አገር ተመሳሳይ ናቸው። ልዩነቱ ቀላል አይደለም። ጥሬ ቡና ከየትም አገር ቢመጣ ወደ አውሮፓ ኅብረት የሚገባው ያለ ቀረጥ ነው፤ ስለዚህ በጥሬ ቡና ላይ የቀረጥ ነፃ መብት ማግኘት ምንም አይጨምርም። በተቆላ ቡና ላይ ግን መደበኛው ቀረጥ 7.5 በመቶ በመሆኑ፣ ልዩ መብት ያለው አገር የሚያገኘው ጥቅም ተጨባጭ ነው። ድርድር ላይ ከመቀመጥ በፊት ይህን አለማየት በሌለ ጥቅም ላይ እንደ መከራከር ይቆጠራል። የኅብረቱ «አክሰስ ቱ ማርኬትስ» የተሰኘው ነፃ የመረጃ ቋት የምርቱን ቁጥርና የመነሻውን አገር ሲያስገቡለት ቀረጡንና የሚጠየቁትን ሰነዶች ያሳያል።

ቀጥሎ የሚጠየቀው አገሩ በየትኛው በር ይገባል የሚለው ነው። በማደግ ላይ ካሉት አገሮች በእጅጉ ወደኋላ የቀሩ ተብለው የተመደቡት ከ2001 ጀምሮ ከጦር መሣሪያ በስተቀር ሁሉንም ምርት ያለ ቀረጥና ያለ ኮታ ያስገባሉ። ኬንያ በዚህ ምድብ ውስጥ ስለማትገኝ በታኅሣሥ 2023 ከኅብረቱ ጋር የኢኮኖሚ አጋርነት ስምምነት ፈርማለች፤ ስምምነቱም ከሐምሌ 1 ቀን 2024 ጀምሮ ጸንቷል። ጎረቤቶቿ ኡጋንዳና ታንዛኒያ ግን በእጅጉ ወደኋላ ለቀሩት አገሮች በተሰጠው መብት ያለ ቀረጥ ስለሚገቡ ገበያቸውን በምላሹ የሚከፍቱበት አጣዳፊ ምክንያት አልነበራቸውም፤ በአንድ የጉምሩክ ኅብረት ውስጥ ያሉ አገሮች በአንድ ድምፅ መደራደር የሚያዳግታቸው አንዱ ምክንያትም ይኸው ነው። ናይጄሪያ በመደበኛው የቅናሽ ታሪፍ፣ ኬፕ ቨርዴ በተሻሻለው፣ ቱኒዚያና ግብፅ በየራሳቸው የአጋርነት ስምምነት ይነግዳሉ። አውሮፓ ማለት ኅብረቱ ብቻ አለመሆኑንም ልብ ይሏል፤ ብሪታንያ ከሰኔ 2023 ወዲህ የራሷ የሆነ የቅናሽ ታሪፍ ሥርዓት አላት፤ ስዊዘርላንድና ኖርዌይም እንዲሁ በየራሳቸው ሕግ ይሄዳሉ።

መብቱ መኖሩ ብቻ አይበቃም፤ ምርቱ የዚያ አገር ሥሪት መሆኑ መረጋገጥ አለበት። ለምሳሌ በልብስ ስፌት ረገድ ከ2011 ጀምሮ በእጅጉ ወደኋላ የቀሩት አገሮች ከውጭ ባስገቡት ጨርቅ የሰፉት ልብስ እንደ ራሳቸው ምርት ይቆጠርላቸዋል። በዚህ ሥርዓት ዋጋው ከ6,000 ዩሮ የማይበልጥ ጭነት የሚልክ ማንኛውም ላኪ የሥሪት አገር መግለጫውን ራሱ ሊጽፍ ይችላል፤ ከዚያ በላይ ለሆነ ጭነት ግን በተመዘገቡ ላኪዎች መዝገብ ውስጥ መግባት ግዴታ ነው። አዲስ ላኪዎችን የሚያግዝ ምክር ቤት ከአውደ ርዕይ ጉዞ አስቀድሞ ይህን ምዝገባ ቢያስጨርስ ይመረጣል።

ደረጃና ማረጋገጫ፦ ብዙ ጭነት የሚቀርበት ቦታ

ቀረጥ ከወረደ በኋላ ዋናው መሰናክል የጥራትና የጤና ደንብ ነው። ወደ አውሮፓ ኅብረት የሚገባ ትኩስ አትክልትና ፍራፍሬ፣ ከሙዝ፣ ከአናናስ፣ ከኮኮናት፣ ከዱሪያንና ከቴምር በስተቀር፣ የዕፅዋት ጤና ምስክር ወረቀት ይዞ መቅረብ አለበት። የተለየ ወሰን ያልተቀመጠለት የፀረ ተባይ ቅሪት ደግሞ በኪሎ ግራም 0.01 ሚሊ ግራም ላይ ይቆማል፤ ይህም በቤተ ሙከራ መሣሪያ እንጂ በዓይን የሚታይ አይደለም። የደቡብ አፍሪካ የብርቱካን ላኪዎች ከአንድ የእሳት ራት ዝርያ ጋር በተያያዘ በ2022 የወጣባቸውን የማቀዝቀዝ ግዴታ መንግሥታቸው በዚያው ዓመት ወደ ዓለም ንግድ ድርጅት ወስዶታል። እንዲህ ያለ አቅም የሌላት አገር ከክርክሩ ይልቅ ቤተ ሙከራውንና የተባይ ቁጥጥሩን በሽርክናው ውስጥ ብታስገባ ያዋጣታል።

የደን ጭፍጨፋን ለመከላከል በ2023 የወጣው የኅብረቱ ደንብ ይህን በይበልጥ ያሳያል። ቡና፣ ካካዎ፣ የዘንባባ ዘይት፣ ጎማ፣ አኩሪ አተር፣ እንጨትና የቀንድ ከብት ከታኅሣሥ 31 ቀን 2020 በኋላ ደን በተመነጠረበት መሬት ላይ የተገኙ መሆን የለባቸውም፤ በአምራቹ አገር ሕግ መሠረት መመረታቸውም መረጋገጥ ይኖርበታል። ተፈጻሚ የሚሆንበት ቀን ከአንድ ጊዜ በላይ ስለተራዘመ፣ ውል ከመፈረም በፊት የወቅቱን ቀን ማጣራት ያስፈልጋል። መሬት ላይ ያለው ሥራ ግን ቀኑ ቢራዘምም አይቀርም። ግማሽ ሄክታር ማሳ ያለው ገበሬ አንድ የጂፒኤስ ነጥብ ከነጠብጣቡ በኋላ ስድስት አኃዝ እስኪደርስ ድረስ ሊመዘገብለት ይገባል፤ ማሳው ከአራት ሄክታር ከበለጠ ወሰኑ ዙሪያውን ይለካል። ገበሬው እሸት ቡናውን ወደ መፈልፈያ ጣቢያው ሲያመጣ የተረካቢው መዝገብ ስሙንና ኪሎውን ብቻ ከያዘ፣ የመቶ ሰው ቡና በአንድ ገንዳ ውስጥ በተቀላቀለ ቅጽበት የማሳው መረጃ ከጭነቱ ጋር ያለው ግንኙነት ይቋረጣል። ምንጩ ካልታወቀ ምርት ጋር መቀላቀልም ሙሉውን ጭነት ያስጥላል። ስለዚህ የመጀመሪያው ወጪ መዋል ያለበት ለረከባ መዝገቡ፣ ለስልኮቹና እነርሱን ይዘው መንደር ለመንደር ለሚዞሩት ወጣቶች ደመወዝ ነው። አውሮፓዊው ገዥ ይህን ወጪ እንዲጋራ መጠየቅ ልመና አይደለም፤ መረጃውን ለባለሥልጣን የማቅረብ የሕግ ግዴታ ያለበት እርሱ ስለሆነ የአገልግሎት ዋጋ ነው።

ትምህርቱን ከሥራው ጋር ማያያዝ

የትምህርት ትብብር ሲነሣ ቀድሞ የሚታሰበው የነፃ ትምህርት ዕድል ነው። ዕድሉ ለግለሰቡ ትልቅ ነገር ቢሆንም፣ ለተቋሙ የሚተርፈው ግን ጥቂት ነው ብዬ አምናለሁ፤ ተመራቂው ባይመለስ ተቋሙ ያለ መምህር ይቀራል። ከዚህ የተሻለው የስዊድን ዩኒቨርሲቲዎች ከኡጋንዳው ማከሬሬ ዩኒቨርሲቲ ጋር የተጠቀሙበት ዓይነት አሠራር ነው፤ የዶክትሬት ተማሪው ጊዜውን በሁለቱ አገሮች ከፍሎ፣ ጥናቱን በአገሩ ጉዳይ ላይ እያካሄደ፣ ከሁለቱም ወገን አማካሪ ይመደብለታል። የኅብረቱ ኢራስመስ ፕላስ መርሐ ግብርም ለአፍሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ክፍት የሆኑ ጥሪዎች አሉት። ጥሪው ከወጣ በኋላ አጋር መፈለግ ግን አብዛኛውን ጊዜ ተሸናፊ ያደርጋል፤ ጥምረቱ ከወራት በፊት ተመሥርቶ የበጀት ድርሻው ተለይቶ መጠበቅ አለበት።

የዲግሪ ዕውቅናን ጉዳይ ለኋላ አያቆዩት። በአውሮፓ የአንድ ዓመት ሙሉ ትምህርት በ60 ክሬዲት ይሰላል፤ በብዙ የአፍሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ያለው አቆጣጠር ስለሚለይ፣ የጋራ ትምህርት ከመጀመሩ በፊት የክሬዲት ማነፃፀሪያ ሠንጠረዥ በሁለቱም ሴኔቶች መጽደቅ ይኖርበታል። በ2014 በአዲስ አበባ የጸደቀው የአፍሪካ የከፍተኛ ትምህርት ዕውቅና ስምምነት በ2019፣ የዩኔስኮ ዓለም አቀፍ ስምምነት ደግሞ በ2023 ሥራ ላይ ውለዋል፤ አጋር አገሮቹ ማፅደቃቸውን ማየት ተገቢ ነው። ቪዛም የዕቅዱ አካል ይሁን፤ የቀጠሮ ወረፋ የሴሚስተሩን መጀመሪያ እንዳያሳልፍ የመግቢያ ደብዳቤው ቀደም ብሎ መውጣት አለበት።

ምርቱ ከተመረጠ ግን አንገብጋቢው የሰው ኃይል ፍላጎት ከዲግሪ በታች ሊሆን ይችላል፤ የቤተ ሙከራ ቴክኒሻን፣ የማቀዝቀዣ ጠጋኝ፣ የጉምሩክ ሰነድ የሚያዘጋጅ ባለሙያ። ለእነዚህ ግማሹን ጊዜ በኮሌጅ፣ ግማሹን በድርጅት የሚያሳልፉበት የትብብር ሥልጠና ይበቃል። ሥርዓተ ትምህርቱን የሚጽፈው ሰው ግን ጭነት ተመላሽ የሆነበት ላኪ የሚናገረውን ሰምቶ የጻፈ መሆን አለበት።

ገንዘቡና ሕጉ

ባለሀብቱ ከመሬትና ከግብር እፎይታ በላይ የሚጠይቃቸው ነገሮች ትርፉን ማውጣት መቻሉና ክርክር ቢነሣ የት እንደሚዳኝ ናቸው። አገሩ የውጭ የግልግል ዳኝነት ውሳኔዎችን የሚያስፈጽመው የ1958ቱ የኒው ዮርክ ስምምነት አባል መሆን አለመሆኑን፣ ተደራራቢ ግብርን የሚያስቀር ውል ከባለሀብቱ አገር ጋር መኖር አለመኖሩን በአንድ ገጽ አዘጋጅቶ መስጠት ብዙ ደብዳቤ ያስቀራል። 17 አባላት ባሉት፣ በ1993 በተመሠረተው የኦሃዳ (የአፍሪካ አገሮችን የንግድ ሕግ የሚያስማማ ድርጅት) ቀጣና የንግድ ሕጉ አንድ ወጥ ሲሆን የጋራ ፍርድ ቤቱም በአቢጃን ይገኛል። ደቡብ አፍሪካ በአንጻሩ ከተወሰኑ የአውሮፓ አገሮች ጋር የነበሯትን የኢንቨስትመንት ጥበቃ ውሎች አቋርጣ ጉዳዩን በራሷ ሕግ መምራት መርጣለች። ሁለቱም መንገዶች ይሠራሉ፤ የማይሠራው ባለሀብቱን በግልጽ አለመንገር ነው።

የፋይናንስ ምንጮች ጥቂት አይደሉም፤ የፈረንሳዩ ፕሮፓርኮ፣ የጀርመኑ ዴግ፣ የኔዘርላንዱ ኤፍኤምኦና የብሪታንያው ቢአይአይ የልማት ባንኮች ወይም ኢንቨስተሮች ሲሆኑ፣ ናይሮቢ የሚገኘው አቲዲ የፖለቲካና የብድር ሥጋት ዋስትና ይሰጣል። በይበልጥ መጠንቀቅ የሚያስፈልገው ግን በምንዛሪው ነው። ኢትዮጵያ በሐምሌ 2024 የምንዛሪ ተመኑን ለገበያ ስትለቅ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ፤ በውጭ ገንዘብ ተበድሮ በብር የሚሸጥ ድርጅት ዕዳው በእጥፍ ሊጠጋ የቻለው ምንም ሳያጠፋ ነው። ስለዚህ በዩሮ የሚበደረው ዩሮ የሚያስገባው ላኪ ይሁን፤ ለአገር ውስጥ ገበያ የሚያመርተው ግን በአገሩ ገንዘብ እንዲበደር ወይም የምንዛሪ መከላከያ (ተመኑ ቢለወጥ ኪሳራውን የሚሸፍን ውል) እንዲገዛ ይደረግ። አምስተርዳም የሚገኘው ቲሲኤክስ የተቋቋመውም ለዚሁ ነው። በምዕራብና በመካከለኛው አፍሪካ የሚገኙት የሲኤፍኤ ፍራንክ ተጠቃሚ አገሮች አንድ ዩሮ በ655.957 ፍራንክ ስለተወሰነላቸው ይህ ሥጋት ይቀንስላቸዋል፤ በለውጡ ግን የምንዛሪ ፖሊሲያቸው እጅ ይታሰራል።

አሁን ሰነዱን መፈረም ይቻላል

ይህ ሁሉ ተሠርቶ የሚጻፈው ሰነድ አጭር ይሆናል፤ ምርቱን በታሪፍ ቁጥሩ፣ አካባቢውን በስሙ፣ የእያንዳንዱን ወገን መዋጮ በገንዘብ መጠን ይገልጻል። ኃላፊነቱ ለሥልጣን ስም ሳይሆን ለሥራ ክፍል ይሰጥ፤ የሥራ ክፍሉም የተመደበ በጀት ይኑረው። የአፍሪካ ወገን በዚህ ጊዜ ከጎረቤቶቹ ጋር መነጋገር አለበት፤ ከ2021 ጀምሮ ንግድ በተጀመረበት የአህጉሩ ነፃ የንግድ ቀጣና በኩል ጥሬ ዕቃው ከጎረቤት ቢመጣ ለአውሮፓ የሚቀርበው ምርት የሥሪት አገር ደንቡን ያሟላ እንደሆነ አስቀድሞ መታየት ይኖርበታል። አንጎላን፣ ዲሞክራቲክ ኮንጎንና ዛምቢያን የሚያገናኘው የሎቢቶ የባቡር መስመር፣ ኅብረቱ በ2021 ባስጀመረው ግሎባል ጌትዌይ በተሰኘው የመሠረተ ልማት ኢንቨስትመንት ዕቅድ ሲደገፍ፣ ጥያቄው ባቡሩ መዳብ ብቻ ያወጣል ወይስ በመስመሩ ዳር ያሉ ገበሬዎችንና ፋብሪካዎችንም ያገለግላል የሚለው ነው፤ መልሱ የሚገኘው በሰነዱ ውስጥ ከተጻፈ ብቻ ነው።

በመጨረሻም የግምገማ ስብሰባው በየስድስት ወሩ ይቆረጥለት፤ አጀንዳውም በሥነ ሥርዓት ንግግር ሳይሆን በሦስት ዝርዝሮች ይጀመር፦ ተመላሽ የሆኑ ጭነቶች ከነምክንያታቸው፣ ሥልጠና ጨርሰው በሙያው የተቀጠሩ ሰዎች፣ ቃል ከተገባው ገንዘብ በትክክል የተለቀቀው። ዝርዝሮቹን ከስብሰባው ሁለት ሳምንት በፊት ለሁለቱም ወገን የሚልከው ክፍል በሰነዱ ላይ በስም ይጻፍ።