ፓሳካልያን የሚያበላሹ ስህተቶች

ባለፈው ሳምንት የሦስት ሰው ልምምድ ላይ ቁጭ ብዬ ያንኑ የማውቀውን ስህተት ደግሜ ሰማሁት። ቼሎ ተጫዋች ነኝ። ኦርኬስትራ ውስጥ ፓሳካልያ በመጣ ቁጥር ከታች የሚደጋገመው ዜማ የሚደርሰው ለእኛና ለኮንትራባሶቹ ነው፤ ስለዚህ ሲበላሽ ቀድሞ የሚያመን እኛን ነው። ለጀማሪዎች በቃል ከምደጋግመው አንዴ ልጻፈው ብዬ ተነሣሁ።

ቅርጹን የምታውቁት ይመስለኛል። አንድ አጭር ዜማ፣ ብዙ ጊዜ ባስ ውስጥ፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ይዞራል፤ በላዩ ያለው ሙዚቃ ግን በየዙሩ ይለወጣል። የባሮክ ዘመን ልጅ ነው። ባህ ለኦርጋን ጽፎበታል፤ ብራምስም አራተኛ ሲምፎኒውን በ1885 የቋጨው በዚሁ መንገድ ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ያዙልኝ)። እኔ የማወራው ከዚያ ወዲህ ስላሉት፣ ስለ ሃያኛው ክፍለ ዘመን ሥራዎች ነው፤ ተማሪዎች የሚሰናከሉት እነሱ ላይ ነውና።

ባሱን "አዝማች" ማለት

ይህ ከቋንቋችን የሚመጣ ወጥመድ ነው። የሚደጋገም ነገር ሲሰማ "አዝማቹ መጣ" የማይል ተማሪ አላጋጠመኝም። አዝማች ግን ሄዶ የሚመለስ ነው፤ ስንኙ ሲያልቅ ሁሉም ተቀብሎ የሚያርፍበት ነው። የፓሳካልያ ባስ አይመለስም፤ መጀመሪያውኑ አልሄደም። አዝማች ነው ብላችሁ ከያዛችሁት በመጣ ቁጥር ታደምቁታላችሁ፣ እንደ ደረሳችሁም ይሰማችኋል። ቀጥሎ ያለው ትልቁ ስህተት የሚወለደው ከዚህ ነው።

በየዙሩ መጨረሻ መተንፈስ

ልምምዱ የሩሲያዊው ደራሲ የሾስታኮቪች ሁለተኛ የፒያኖ ትሪዮ (ለፒያኖ፣ ለቫዮሊንና ለቼሎ) ነበር፤ በ1944 ለሞተው ወዳጁ ለኢቫን ሶለርቲንስኪ መታሰቢያ ያደረገው። ሦስተኛው ክፍል ላርጎ፣ ማለትም በጣም ዝግ ያለ፣ ነው፤ ፓሳካልያውም እሱ ነው። ፒያኖው ስምንት ኮርድ (አብረው የሚመቱ ኖታዎች) አለው፤ እነዚያኑ ስምንት ኮርዶች ስድስት ጊዜ ይጫወታል፣ ሌላ ሥራ የለውም። ፒያኖ የያዘችው ልጅ ጎበዝ ናት፣ ጣቶቿም ፈጣን ናቸው። ስምንተኛው ኮርድ ላይ በደረሰች ቁጥር ግን ትከሻዋ ይወርዳል፣ ትንሽ ትዘገያለች፣ ፔዳሉን ትለቃለች፤ ከዚያ ቀና ብላ አዲስ ነገር እንደሚጀምር ሰው የመጀመሪያውን ኮርድ ትመታለች። በዚያ ሰዓት ቫዮሊኑ ዜማውን ገና አልጨረሰም፣ እኔ ደግሞ እየገባሁ ነው። የቆምንበትን ወለል ከሥራችን ስትስበው ይሰማኛል።

እባካችሁ ተዉት! ይህን ስህተት በኳርቴት ሰምቼዋለሁ፣ በሙሉ ኦርኬስትራ ሰምቼዋለሁ፣ ስማቸው ከተከበረ ተጫዋቾችም ሰምቼዋለሁ። የዚህ ቅርጽ ኃይል ያለው የላዩ ሐረግና የታቹ ዙር አብረው ባለማለቃቸው ላይ ነው። አንዱ ሊያርፍ ሲል ሌላው ይገፋዋል። ሁለቱን በየስምንቱ ባር (የምቶች ምድብ) አብራችሁ ካሳረፋችኋቸው በእጃችሁ የሚቀረው ስድስት የተደረደረ ቁራጭ ብቻ ነው።

ደራሲዎቹ ይህ እንዳይሆን ምን ያህል እንደለፉ ተመልከቱ። ሾስታኮቪች በመጀመሪያው የቫዮሊን ኮንቼርቶው ውስጥ ለፓሳካልያው የመረጠው ዜማ 17 ባር ነው፤ ጆሮ ስምንትና አሥራ ስድስት ሲጠብቅ አንድ ትርፍ ይጨመርበታል። ሉቶስዋቭስኪ በ1954 ባጠናቀቀው የኦርኬስትራ ኮንቼርቶ ደግሞ ኮንትራባሶቹና በገና መሰሉ ሃርፕ ዜማውን ከታች ይጀምሩታል፤ ከላይ የሚገቡት ክፍሎች ግን የባሱን ድንበር ሳይጠብቁ ይገባሉ፣ ሳይጠብቁም ይወጣሉ።

ከሁሉ የሚገርመው ብሪተን ነው። በ1945 ለመድረክ በበቃው "ፒተር ግራይምስ" ኦፔራ፣ በሁለተኛው ገቢር ሁለት ትዕይንቶች መካከል አንድ ፓሳካልያ አለ። ቼሎና ኮንትራባስ ቀስታቸውን ትተው በጣት የሚነኩት ዜማ 11 ምት ነው፤ ባሩ ግን አራት ምት ነው። 11 ለአራት አይካፈልም፤ ስለዚህ ባሱ በየዙሩ የሚጀምረው ሌላ ምት ላይ ነው። ዜማው ራሱ የተወሰደው ዓሣ አጥማጁ ግራይምስ የሚወዳትን ኤለንን ከመታት በኋላ እግዚአብሔር እንዲምረው ከሚለምንበት ቃል ነው። በዚያ ላይ ቪዮላው ብቻውን ይገባል፤ በኦፔራው ውስጥ አንድም ቃል የማይዘምረው የግራይምስ ተለማማጅ ልጅ ድምፅ አድርገው ብዙዎች ይሰሙታል፣ እኔም እንደዚያው ነው የምሰማው።

መጀመሪያ የተጫወትኩት ጊዜ እኔው ራሴ አበላሽቼዋለሁ። እርሳስ አውጥቼ ባሱ በሚጀምርበት ሁሉ ምልክት አደረግሁ፣ እያንዳንዱንም ጫን ብዬ ጀመርኩት። በሻይ ሰዓት አንድ አንጋፋ ኮንትራባስ ተጫዋች ወረቀቴን ጎንበስ ብሎ አየና ላጲስ አቀበለኝ። ምንም አላለኝም። ሁሉንም አጠፋሁ።

መፍትሔው ቀላል ነው፦ ከዙሩ መጀመሪያ መለማመድ አቁሙ። ትሪዮውን ከአምስተኛው ኮርድ ጀምሩና እስከሚቀጥለው ዙር አራተኛ ኮርድ ድረስ ሂዱ። በማግስቱ ከሦስተኛው። እጃችሁ ስፌቱ የት እንዳለ እስኪረሳው ድረስ።

ዝምታውን ማሳጠር

ዌበርን በ1908 የመጀመሪያ ኦፐሱን (የሥራ ቁጥሩን) የሰጠው ለኦርኬስትራ ፓሳካልያ ነው። ዜማው ስምንት ኖታ፣ ስምንት ባር፣ በጣት የተነካ፣ በጣም ለስላሳ፤ በኖታና በኖታ መካከል ዝምታ አለ። ልምድ የሌለው ኦርኬስትራ ዝምታው ያስፈራዋልና ወደሚቀጥለው ኖታ ይሮጣል። ዝምታው ከዜማው አንድ ክፍል ነው። በተለይ አራተኛውን ኖታ፣ ኤ ፍላቱን፣ ጊዜ ስጡት፤ ሙዚቃው በዲ ማይነር ቅኝት ነው፣ ይህች ኖታ ደግሞ ለዲ ማይነር እንግዳ ናት። እንግድነቷ ካልተሰማ በኋላ የሚመጣው ማዕበል ሁሉ ከየት እንደተነሣ አይታወቅም።

ሁልጊዜ ባስ ውስጥ መፈለግ

ዜማው ቦታ ይለውጣል። በዚያው የሾስታኮቪች ኮንቼርቶ ቫዮሊኑ ብዙ ዙር በባሱ ላይ ሲዘምር ቆይቶ በመጨረሻ ያንኑ ዜማ ራሱ በኦክታቭ ያነሣዋል። እስከዚያ ድረስ ባሱን ያልሰማ ቫዮሊን ተጫዋች እዚህ ሲደርስ እንደ አዲስ ዜማ ያሳምረዋል። ከባሶቹ የተረከበው ሸክም መሆኑን አላወቀማ። ደራሲው ይህን የጻፈው በ1947 እና በ1948 ነው፤ ሕዝብ ፊት የቀረበው ግን ስታሊን ከሞተ በኋላ፣ በ1955 ሌኒንግራድ ውስጥ ነው። ቫዮሊን ለያዙ ልጆች ይህን ደጋግሜ እነግራቸዋለሁ።

የግድ በሦስት ምት ነው ማለት

አይደለም። የዌበርን በሁለት ነው፣ የብሪተን በአራት።

ፓሳካልያና ሻኮን የሚባለው ዘመዱ ልዩነታቸው ምንድን ነው ብሎ መከራከር

ጊዜ አታጥፉ። የሃያኛው ክፍለ ዘመን ደራሲዎች ሁለቱን ስሞች እያቀያየሩ ተጠቅመውባቸዋል።

ድምፅን እንደ ደረጃ መውጣት

ይህ ለምትጽፉት ነው። ተማሪ ሳለሁ የጻፍኩት ፓሳካልያ 14 ዙር ነበረው፤ በየዙሩ አንድ መሣሪያ እጨምር ነበር። ስድስተኛው ላይ ያሉኝ መሣሪያዎች ሁሉ ገብተው አለቁ፤ የቀረው ስምንት ዙር ጩኸት ብቻ ሆነ። ዙር የሚለወጠው በመጨመር ብቻ ይመስለኝ ነበር። በ1943 የተጻፈውን የሾስታኮቪች ስምንተኛ ሲምፎኒ አራተኛ ክፍል ያኔ ብሰማው ኖሮ ብዙ ወረቀት ይተርፈኝ ነበር። እዚያ ዜማው ገና ሲገባ ኦርኬስትራው በሙሉ ኃይሉ ነው፤ ከዚያ ወዲያው ይወርድና ባሱ ከአሥር ጊዜ በላይ ሲዞር ሙዚቃው በሹክሹክታ ይቀራል። ጫፉ መጀመሪያ ላይ ነው። አሁን ተማሪ ረቂቅ ሲያመጣልኝ መጀመሪያ የምጠይቀው "የትኛው ዙር ላይ ነው የምትቀንሰው?" ብዬ ነው።

አዳራሽ ውስጥ ዙር መቁጠር

በ1925 በርሊን ላይ ለመድረክ የበቃው የበርግ "ቮትሴክ" ውስጥ የዶክተሩ ትዕይንት ፓሳካልያ ነው፤ 12 ኖታ ያለው ዜማና 21 ቫርዬሽን፣ ማለትም 21 የተለወጠ ዙር። በአንድ ሐሳብ የተያዘ ሰው ባለበት ትዕይንት አንድ ዜማ አለቅም ማለቱ ተገቢ ነው። በርግ ራሱ ግን አድማጩ እነዚህን ቅርጾች እንዲያስተውል አልፈለገም፤ ይህንንም በጽሑፍ ተናግሮታል። ቤታችሁ ኖታውን ዘርግታችሁ ቁጠሩ፣ አዳራሹ ውስጥ ግን ያንን ምስኪን ወታደር፣ ቮትሴክን፣ ስሙት።

ላርጎው አለቀ ብሎ ማረፍ

ወደ ትሪዮው ልመለስ። ላርጎው ሳያቋርጥ ወደ መጨረሻው ክፍል ይገባል፤ ወረቀት መገልበጫ፣ ላብ መጥረጊያ ጊዜ የለም። የመጨረሻው ክፍል ሊያልቅ ሲል ደግሞ እነዚያ ስምንት ኮርዶች እንደገና ይሰማሉ። ላርጎው ላይ ተቆራርጠው የተሰሙ ኮርዶች እዚህ ሲመጡ ማንም አያውቃቸውም።

ትናንት እንደገና ተገናኘን። ቫዮሊኑና እኔ ቀስታችንን ጭናችን ላይ አስቀምጠን ልጅቷ ስምንቱን ኮርዶች ለብቻዋ ስድስት ጊዜ እንድትጫወትልን ለመንናት። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዙሮች ትከሻዋ እንደልማዱ ወረደ። አራተኛው ላይ ከስምንተኛው ኮርድ ወደ አንደኛው ስትሻገር አላወቅኩባትም፤ አምስተኛው ላይ ቫዮሊኑ ሳይጠየቅ ቀስቱን አነሣና ገባ።